አረቄን በእሳት አትፈትኑት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የአባይን በረሃ ወርዶ የወጣ መንገደኛ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ መሽቶ የደጋው ብርድ አጥንቱን ቢነካው፣ መካሪ አያጣም። «አንድ መለኪያ ቅመስ፣ ብርዱን ያባርርልሃል» ይሉታል። እንግዳውም መለኪያውን ተቀብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዴ ይገለብጠዋል። ጉሮሮው ይቃጠላል፣ ዕንባው ይመጣል፣ አጠገቡ ያሉት ይስቃሉ። አገሩ ሲመለስ አረቄ ቀመስኩ ብሎ ያወራል። ዋጠው እንጂ መች ቀመሰው!

አረቄ እንዴት እንደሚወጣ ለጎጃም ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለእንግዳው ግን ባጭሩ፦ ጌሾና ብቅል ይጠነሰሳል፤ ከዳጉሳ፣ ከበቆሎ ወይም ከሌላ እህል የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል፤ ድፍድፉ ከተብላላ በኋላ ተጥዶ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተነከረ ዕቃ ይንጠባጠባል። አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ነው። ተራው እንደገና ሲወጣ ዳግም ይባላል። ተራው 34 በመቶ አካባቢ፣ ዳግሙ 46 በመቶ ገደማ አልኮል ይኖረዋል፤ የቤት ሥራ ስለሆነ ግን ከቤት ቤት ይለያያል።

በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለችው ደንበጫ በአረቄዋ ስም ያላት ከተማ ናት። ወደ ምዕራብ ጎጃምና ወደ አዊ ዘልቆ የሚሄድ ደግሞ ግብጦ አረቄን ጠይቆ ሳይቀምስ ባይመለስ ጥሩ ነው። ግብጦ መራራ ነው። ለቆሎ እንኳ የሚሆነው ተቆልቶ፣ ለቀናት ወራጅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ መራራነቱ ሲወጣለት ነው። ይህን ሁሉ ድካም የሚጠይቅ እህል ከአረቄ ጋር ስሙ ተያይዞ መጠራቱ የአገሩ ሰው ለጣዕም ምን ያህል እንደሚጨነቅ ያሳያል።

የካሪቢያን ደሴቶችን የሚጎበኝ ቱሪስት ሮም የሚወጣበትን ቤት ገንዘብ ከፍሎ ይጎበኛል፤ መቅመሻው ከነማብራሪያው ይቀርብለታል። ሮም ግን ሲጀመር ክብር አልነበረውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በባርቤዶስ ከስኳር ሥራ የተረፈውን ሞላሰስ አብላልተው የሚያወጡት የድሃና የባሪያ መጠጥ ነበር፤ በዘመኑ የጻፉ ሰዎችም እንደ ክፉ ነገር ነው የገለጹት። ዛሬ በዚያችው ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1703 ጀምሮ ታሪኩን የሚቆጥር ማውጫ አለ። አረቄ ከእህል ነው፣ ሮም ከሸንኮራ አገዳ፤ አወጣጣቸው ግን አንድ ነው። ሮሙ እንግዳ የሚጋበዘው ሲሆን አረቄው ከመጋረጃ ጀርባ የሚጠጣ ሆኖ የቀረበት ምክንያት በመጠጡ ጥራት ብቻ አይገለጽም።

አረቄ የማውጣት ሙያው የሴቶች ነው። ማውጫው አጠገብ ጥቂት የቆመ ሰው አረቄ ማውጣት እንዴት ያለ ጥበቃ እንደሚፈልግ ያያል። ቱቦው ከእንስራው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ትንሽ ቀዳዳ ካለ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ የሳምንት ልፋት በጭስ መካከል ይተናል። መቀበያው የተነከረበት ውሃ ሲሞቅ ቶሎ ይቀየራል። ከሁሉ የሚከብደው እሳቱ ነው። ማገዶው ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ እንስራው ሥር ያለውም ያርና ሽታው አረቄው ላይ ይቀራል። ይህ ጸሐፊ በአንዲት እናት ማውጫ አጠገብ ቆሞ ሳለ አንድ ጎረምሳ ሊያግዝ ብሎ እንጨት ሲጨምር እናትየዋ «ተው ልጄ፣ አታስቸኩለው፤ ቀስ ብሎ ይምጣ» ብለው እንጨቱን መልሰው ሲያወጡ አይቷል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አፍንጫ የሚወጋ፣ የቀለም ማቅጠኛ የመሰለ ሽታ አለው፤ መጨረሻ የሚወርደው ቀጭንና ውሃ ውሃ የሚል ነው። የመሃሉ ነው እህል እህል የሚሸተው። ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቆ የሚሸጥ ሰውና መሃሉን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው እኩል ዋጋ ሊጠይቁ አይገባም።

አሁን ወደ እሳቱ። በአረቄ ቤት ሁሉ አንድ ፈተና አለ፦ ጠብታ ወደ ምድጃው ይረጫል ወይም ክብሪት ይጫርበታል፤ ቦግ ካለ «ይሄ አረቄ ነው!» ይባላል፣ ካልነደደ ሻጯ ውሃ ጨምራለች ተብላ ትታማለች። ስንት ሙያተኛ በዚህ ፈተና ስሟ ጠፍቷል። ፈተናው ግን የሚመስለውን ያህል አይናገርም።

የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ ከላዩ የሚነሳው ትነት ነው። ትነቱ የሚበዛው ደግሞ በአልኮሉ መጠን ብቻ ሳይሆን በሙቀቱም ነው። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በባሕር ጠለል ላይ 26 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ በክብሪት የሚያያዝ ትነት አይሰጥም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል፤ የማለዳው ብርድ ግን ይህን መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ ማታ ከማውጫው ሞቅ እንዳለ የተቀዳ ዳግም አረቄ ወዲያው ይቀጣጠላል፣ ያው አረቄ ሌሊቱን በርዶ ካደረ በኋላ ማለዳ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። በሌላ በኩል ፍም ላይ የተረጨ ተራ አረቄ ፍሙ ራሱ ስለሚያሞቀው ቦግ ይላል። ፈታኙ የሚለካው የአረቄውን ሙቀት ጭምር ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን በሴትየዋ ላይ ነው።

እንግሊዞችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። በድሮ ጊዜ መጠጡን ባሩድ ላይ አፍስሰው ይለኩሱት ነበር፤ ባሩዱ ከነደደ መጠጡ ጠንካራ ነው ይባላል። ያ ወሰን በዛሬ ስሌት 57 በመቶ ገደማ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን መንግሥታቸው ባሩዱን ትቶ ፈሳሹ ውስጥ እየተንሳፈፈ የአልኮሉን መጠን የሚያሳይ መሣሪያ በሕግ ደነገገ። ዛሬ ያ መሣሪያ የመስተዋት ዘንግ ነው፤ አንድ የአረቄ ቤት ቢገዛው ክርክሩ ሁሉ ይቀር ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ነበልባል ያየ ሰው «ንጹሕ ነው» ብሎ ይጠጣል። ሜታኖል የሚባለው፣ ዓይን የሚያሳውር፣ ነፍስ የሚያጠፋው መርዝ ግን እሱም ይነዳል! ያውም ነበልባሉ በቀን ብርሃን ለዓይን የማይታይ ያህል ነው። በወጉ ከእህል በተጠመቀ አረቄ ውስጥ ሜታኖል ጥቂት ነው፤ ሰው የሚፈጀው የፋብሪካ ኬሚካል ተቀላቅሎ ሲሸጥ ነው። ይህን እሳት አይለየውም፤ የሚጠቅመው ከማን እንደገዙ ማወቅ ነው። በማግስቱ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ደግሞ «ያድርብኛል» ሳይል ሐኪም ቤት ይሂድ።

ታዲያ ጀማሪው እንዴት ይቅመስ? ሆዱ ባዶ አይሁን፣ ቆሎም ይቅረብ። ዳግሙን ያስቀዳ፤ ትንሽ ብትሆን ይበቃል። መለኪያውን አፍንጫው ሥር አይደቅን፣ ከአገጩ አካባቢ ያሽትተው። መጀመሪያ አልኮሉ ይመጣል፤ ትንሽ ከታገሡት ብቅሉ፣ የተጋገረው ቂጣ፣ አንዳንዴም ቀለል ያለ ጭስ ይከተላል። ከዚያ ከንፈር የሚያርስ ያህል ተጎንጭቶ በምላሱ ላይ ያቆየው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ጎጃሜን ሊያስቆጣ ይችላል፦ ጥቂት ውሃ ይጨምርበት። ሻጭ ውሃ ስትጨምር ማጭበርበር ነው፣ ልክ ነው። ጠጪ በራሱ መለኪያ ሲጨምር ግን የአልኮሉ ማቃጠል ይቀንስና የተደበቀው የእህል ሽታ ይወጣል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ ያድል የነበረውን ሮም እ.ኤ.አ. ከ1740 ጀምሮ በውሃ እንዲበረዝ ያዘዘው ስካርን ለመቀነስ ነበር፤ ዛሬ ሮምን በሙያ የሚቀምሱ ሰዎች ውሃ የሚያንጠባጥቡት ለጣዕም ነው። አረቄን ከቢራ ጋር የሚቀላቅሉት ግን ሁለቱንም መጠጥ ይበድላሉ፤ በማግስቱም ራሳቸውን።

ብርድ ያባርራል የሚባለውም እርምት ይፈልጋል። አልኮል ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቅ ደም ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰውየው ሞቀኝ ይላል፣ የውስጥ ሙቀቱ ግን ወደ አየሩ እየሸሸ ነው። ቤት ውስጥ ምድጃ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። በጮቄ ተራራ ሥር በሌሊት ለሚጓዝ ሰው ግን አረቄ ጠጥቶ መውጣት ጋቢ አውልቆ እንደመሄድ ነው። የአባይን ጠመዝማዛ ሊወርድ መሪ የሚይዝ ሾፌርማ መለኪያዋን ጨርሶ ባይነካት ይሻላል።

ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው በጠርሙስ ይግዛ። በሃይላንድና በጀሪካን የሚቀዳው ለመንገድ ይመቻል፤ ግን ጠንካራ አልኮል የፕላስቲክ ሽታ ይጠጣል፣ ጀሪካኑ ቀድሞ ዘይት ወይም ጋዝ ይዞ ከነበረ ደግሞ አረቄው አልቆለታል። ንጹሕ የመስተዋት ጠርሙስ፣ ጥብቅ ያለ ክዳን፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ይበቃዋል። ሲገዛም ከምን እህል እንደወጣ፣ ዳግም መሆኑን፣ መሃሉ ለብቻ ተለይቶ እንደሆነ አውጪዋን ይጠይቅ። ከጥያቄው በኋላ ከጓዳ ሌላ ጠርሙስ ይዘው ብቅ የሚሉ አሉ፤ መግዛት ያንን ነው።