ትልቅ ቴሌስኮፕ በአፋር ግቢ

ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ፣ በአቡሻኽር የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ሲመረምሩ፣ በመጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ደጆች ወጥታ በምዕራብ በስድስት ደጆች እንደምትገባ ሲያነቡ በኖሩባት አገር፣ ሰማይን መመርመር እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ እንግዳ ሆኖ የቆየው መሣሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በእንጦጦ ተራራ ላይ የተከላቸው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመረቁ፣ ይህ እንግድነት በመንግሥትና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ አበቃ። በግለሰብ ግቢ ግን ገና አላበቃም። እንጦጦም ቢሆን ክረምቱን በደመና ተሸፍኖ፣ በጋውን ደግሞ ከሥሩ በተዘረጋው የአዲስ አበባ መብራት ታውኮ የሚያድር ስለሆነ፣ ትልቅ ቴሌስኮፕ ለመግዛት አስቦ ወዴት ልትከለው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው እኔ የማመለክተው ወደ አፋር ቆላ፣ ወደ አዋሽ ሸለቆ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ወንዙን ተከትለው ቢወርዱ የሚያገኟት ሰመራ ደግሞ 12 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ቦታ፣ ከ500 ሜትር በታች ባለ ሜዳ ላይ ተቆርቁራለች። የእነዚህ ቁጥሮች ትርጉም ለከዋክብት ተመልካች ታላቅ ነው፤ ምክንያቱም በግንቦት ምሽት ሰመራ ላይ የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ቢመልስ የሰሜን ኮከብን፣ ወደ ደቡብ ቢመልስ ደግሞ የለንደንና የበርሊን ሰው በአገሩ ሆኖ ከቶ ሊያየው የማይችለውን የደቡብ መስቀል በአንድ ሌሊት ያያልና። ዝናቡ ጥቂት፣ አድማሱ ሰፊ ነው። በአንጻሩ የቀኑ ሙቀት በሞቃቶቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ነፋሱም አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ የመሣሪያው አመራረጥና አተካከል ከደጋው የተለየ ጥንቃቄ ይሻል።

ትልቅ የምንለው ቴሌስኮፕ ታላቅነቱ በርዝመቱ ወይም በማጉላቱ ሳይሆን በመስተዋቱ ስፋት ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 በሠራው ዓይነት፣ ከቱቦው ሥር የተቀመጠው ጎድጓዳ መስተዋት የኮከቡን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሳል፤ ከአፉ አጠገብ በሰያፍ የቆመ ትንሽ መስተዋት ደግሞ ያን ብርሃን ወደ ጎን አዙሮ ዓይን ወደሚጠጋበት ምስሪት ያደርሰዋል። የ25 ሴንቲሜትር መስተዋት፣ በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ከሚሰፋው የዓይናችን ብሌን ጋር ሲነጻጸር፣ ከ1,200 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል።

ይህን ቱቦ በምን ላይ እናስቀምጠው የሚለው ጥያቄ ግን በአፋር ልዩ መልስ አለው። ከባዱና ውዱ ማቆሚያ አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ ቀንቶ ከምድር መዞር ጋር እኩል እንዲዞር የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ዋልታው ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ አዋሽ ላይ ክንድን ዘርግቶ ከተጨበጠ ጡጫ ስፋት አይበልጥም፤ በግንብ አጥር ወይም በአንድ ግራር ሊጋረድ ይችላል። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ ከተሠሩት ማቆሚያዎች ብዙዎቹም እስከዚህ ዝቅ ማለት አይሆንላቸውም። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ዶብሶናዊ የሚባለው ነው። ጆን ዶብሰን እ.ኤ.አ. በ1915 በቤጂንግ ተወልዶ፣ በካሊፎርኒያ በቬዳንታ ገዳም እስከ 1967 ድረስ በምንኩስና የኖረ ሰው ሲሆን፣ ከመርከብ መስኮት በተገኘ መስተዋት፣ ከወፍራም ካርቶን ቱቦና ከኮምፔንሳቶ ጣውላ ትልልቅ ቴሌስኮፖችን እየሠራ በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳናዎች ላይ መንገደኛውን ሁሉ ሰማይ አሳየ፤ በሥራውም የባለቤትነት መብት አልጠየቀበትም። ማቆሚያው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሣጥን ነው፤ የሰሜን ኮከብን መፈለግ አያስፈልገውም፤ አንድ ክፍሉ ቢሰበር የአዋሽም ሆነ የሰመራ አናጢ ይሠራዋል።

ተከላው የሚጀምረው ገና ቀን ሳለ ነው። የጭነት መኪና መብራት የማይገባበት ግቢ ይመረጥ፤ ሣጥኑ የሚያርፍበት መሬት በውሃ ልክ ይስተካከል፤ ከቱቦው ጎን ያለችው ትንሽ መፈለጊያ መነጽር ከዋናው ቱቦ ጋር አንድ ነገር እንድታይ ሩቅ ምልክት ተይዞ ትቃና፤ በአዋሽ ለዚህ ከፈንታሌ ተራራ ጫፍ የተሻለ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ቱቦው ከቶ ወደ ፀሐይ አይዙር፤ ልጆችም ብቻቸውን አይተዉበት፤ በዚያ ምስሪት ፀሐይን ያየ ዓይን በቅጽበት ይጠፋልና። ቀጥሎ መካከሉ በተበሳ የፕላስቲክ ክዳን በኩል እየተመለከቱ ሁለቱ መስተዋቶች በአንድ መስመር እስኪተያዩ ድረስ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች ጥቂት በጥቂት ማዞር ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ መሣሪያውን ይወቅሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ሙቀቱ ነው። ቀኑን የጋለ መስተዋት ሙቀቱን እስኪለቅ ድረስ ከላዩ ያለው አየር ይናወጣል፣ ኮከቡም ከውሃ ሥር እንዳለ ጠጠር ይርገበገባል፤ ስለዚህ ቱቦው ቀን በጥላ ይዋል፣ ፀሐይ እንደገባች ይውጣ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠበቅ፤ ከመስተዋቱ ጀርባ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ቢገጠምለት ይረዳዋል። አቧራ ቢያርፍበት በጨርቅ አይወልወል፤ ጥቂት አቧራ ምስሉን አይጎዳም፣ ውልወላው ግን መስተዋቱን ይጭረዋል።

እንዲህ የተዘጋጀ ቴሌስኮፕ የሳተርንን ቀለበትና የጨረቃን ተራሮች ያሳያል፤ እኔ ግን ለአፋር ሰማይ የምመርጠው የኅዳርን ምሽት ነው። አንድሮሜዳ የተባለው የከዋክብት ጭፍራ ያን ጊዜ በሰሜን ከፍ ብሎ ይታያል። ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ዛሬ ሰመራ ላይ ወደ ዓይን የሚገባው ጨረር ጉዞውን ሲጀምር፣ እዚሁ በአዋሽ ተፋሰስ፣ በጎና፣ የድንጋይ መሣሪያ መጠረብ ከተጀመረ ብዙም አልቆየም ነበር፤ የጎና መሣሪያዎች ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነውና።

በዚያው አካባቢ በቴሌስኮፕ ወርቃማና ሰማያዊ ሆና ለሁለት የምትከፈል አልማክ የተባለች ኮከብ አለች። ከእርስዋ በስተምሥራቅ ደግሞ፣ በባዶ ዓይን የማትታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ኢትዮጵያ «ቡና» ብላ የሰየመቻት ኮከብ ትገኛለች፤ የምትዞራት ፕላኔት ስሟ «አቦል» ነው። አቦልን በግቢ ቴሌስኮፕ ማየት አይቻልም፤ ቡናን ግን ይቻላል፣ መንገዱም ቀላል ነው። በኅዳር መጨረሻ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ 50 ጊዜ በሚያጎላ ምስሪት አልማክን ከመካከል ያግቧት፤ ከዚያ ቱቦውን ሳይነኩ ይተዉት። ሁለቱ ከዋክብት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚሄድ በአንድ መስመር ላይ ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀራቸው ስለሆኑ፣ ከ33 ደቂቃ በኋላ የምድር መዞር ቡናን ራስዋን አምጥቶ ከምስሪቱ ፊት ያቆማታል።