ጋዝ የሚይዘው ዱቄት፦ ዋጋውን የሚወስነው መልቀቂያው ነው

በአንድ ግራም ዱቄት ውስጥ ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ ስፋት አለ ቢባል፣ የቦታ ሊዝ ዋጋ የሚያሳስበው የከተማ ባለሀብት ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን የተለካ ነው። በቻይና የጂሊን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረጉት «ፓፍ 1» የተሰኘ ፖሊመር በአንድ ግራም 5,600 ካሬ ሜትር ያህል የውስጥ ስፋት አለው።

ይህ ፖሊመር የጀሪካንና የፌስታል ፕላስቲክ የሩቅ ዘመድ ነው። የፌስታሉ ሞለኪውሎች እንደ ክር ተጠጋግተው ሲተኙ፣ የዚህኛው ግን በአራት አቅጣጫ እንደ ማገር ተያይዘው መካከላቸው ክፍት ይቀራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴን ወይም ሃይድሮጅን በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ግፊት ሲቀንስ ወይም ሙቀት ሲጨምር ይለቃል።

ለገበያው ወሳኙ መልቀቁ ነው። ዱቄቱ በየዙሩ ካልተራገፈ የሞላ መጋዘን ሆኖ ይቀራል። ከፋብሪካ ጭስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመለየት የተለመደው ዘዴ አሚን የተባለ ኬሚካል በውሃ በጥብጦ መጠቀም ሲሆን፣ ጋዙን ለማስለቀቅ ብጥብጡ እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ከሙቀቱ ቀላል የማይባለው ክፍል ውሃውን ለማሞቅ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የወጣው «ኮፍ 999» አሚኑን ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ጋዙን ከተራ አየር ይለቅማል፣ በ60 ዲግሪም ይለቃል። በ100 ዙር ሙከራ አቅሙ አልቀነሰም። 200 ግራሙ በዓመት 20 ኪሎ ግራም፣ ማለትም የአንድ ትልቅ ዛፍ ያህል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ተመራማሪዎቹ ገምተዋል።

የማምረቻው ወጪ ሌላ ጣጣ ነው። «ፓፍ 1»ን ለማያያዝ የሚገባው ውድ የኒኬል ውህድ እንደ እርሾ ጥቂቱ የሚበቃ አይደለም፤ በብዛት ይፈጃል። በአንጻሩ የቻይና ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ከነዳጅ የሚገኙ ተራ ኬሚካሎችን በርካሽ የብረት ክሎራይድ አማካይነት አያይዘዋል። ስፋቱ የ«ፓፍ 1»ን ሩብ ቢሆን ነው፤ በቶን ለሚሸጥ ሸቀጥ ግን የሚያዋጣው ይኸኛው ይመስላል። ያም ቢሆን ከከሰል ከሚሠራውና በጆንያ ከሚሸጠው የጋዝ ማጣሪያ ጋር መፎካከር አለበት።

ለመኪና ጋዝ ማጠራቀሚያ የሚታሰበውም እንዲሁ ነው። ሻጭ ብቃቱን በግራም ይናገራል። ገዢ ግን የሚሞላው በሊትር የሚለካ በርሜል ነው፤ ቀላል ዱቄት ደግሞ፣ እንደ ገለባ፣ ቦታ ይፈጃል።