አዳዲስ ፀረ ተሕዋስያን ውሁዶችን በኮምፒውተር የመፈለግ ዘዴና የጋሞ እንሰት

የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች በጀርሞች መለመድ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ ለ1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደነበረ ተገምቷል። እንደሚታወቀው ስትሬፕቶማይሲን፣ ቴትራሳይክሊንና ቫንኮማይሲን የተገኙት ከአፈር ባክቴሪያዎች ነው። ይሁን እንጂ ባክቴሪያን አሳድጎ የመፈተሹ ነባር ዘዴ ውሎ አድሮ የታወቁትን ውሁዶች ደጋግሞ ወደ ማግኘት አዘነበለ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የስትሬፕቶማይሲስ ሲሊከለር ሙሉ ዘረ መል ሲነበብ፣ ልዩ ልዩ ውሁዶችን ለመሥራት የሚያስችሉ ከ20 በላይ የዘረ መል ስብስቦች ተገኙ። ቀደም ሲል በቤተ ሙከራ የታወቁት ግን ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። አንድን ውሁድ የሚሠሩት ዘረ መሎች አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ስለሚገኙ በኮምፒውተር ሊለዩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረበው አንቲስማሽ የተሰኘው ሶፍትዌር እነዚህን ስብስቦች ከታወቁት ጋር በማነጻጸር አዲስ የሚመስሉትን ያመለክታል። ቤጅል የተባለው ደግሞ ባክቴሪያዎች ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድሉባቸውን ባክቴሪዮሲን የተባሉ ፕሮቲኖች ይፈልጋል።

ይህን ዘዴ ለመሞከር ከአርባ ምንጭ በላይ ያሉት የጋሞ ደጋማ ቦታዎች አመቺ ናቸው። በዚያ እንሰት ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን ድረስ ይብላላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሂደቱ ሉኮኖስቶክና ላክቶባሲለስን የመሳሰሉ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይበረክታሉ፤ ኢንቴሮባክቴሪያሲዎች ግን ይቀንሳሉ። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት አሲዱ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ኮምፒውተሩ የባክቴሪዮሲን ዘረ መል ቢያመለክት እንኳ ማረጋገጫው የቤተ ሙከራ ነው። ባክቴሪያው ያደገበት ፈሳሽ ተጣርቶ አሲዱ ከተወገደ በኋላም ጀርም የሚገታ ከሆነ፣ ፕሮቲን በሚሰብር ኢንዛይም ሲታከም ደግሞ ኃይሉን ካጣ፣ ባክቴሪዮሲን መሆኑ ይገመታል።

ዘዴው ገደብ አለው። በኮምፒውተር የተገኘ ዘረ መል በተግባር ላይሠራ ይችላል። ከዚህም በላይ እንደ ናይሲን ያሉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ውሁዶች በአብዛኛው የሚያጠቁት ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎችን ነው፤ ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ በውጫዊ ሽፋናቸው ይከላከሏቸዋል። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀሙም ቢሆን የአካባቢውን ማኅበረሰብ መብት በሚያስከብረው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መመራት ይኖርበታል።

ከዘረ መል ንባብ እስከ ታካሚው አልጋ ያለው መንገድ የብዙ ዓመታት ነው። እስከዚያው የጤና ባለሙያው ድርሻ ከተቻለ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር ናሙና መውሰድ፣ ያሉትን መድኃኒቶች በአግባቡ ማዘዝና መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች በላቦራቶሪ ተጠብቀው እንዲቆዩ ማድረግ ነው። አዲስ ውሁድ ሲገኝ ጠቃሚነቱ የሚፈተነው በእነዚሁ ጀርሞች ላይ ነውና።