ጎንደርና ደባርቅ በተመሰጠረ መስመር ሲገናኙ

ማዕከል ላይ ያለ ራውተር በርቀት ካሉ ራውተሮች ጋር በሕዝብ መስመር ላይ ተመስጥሮ ሲገናኝ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሁለት ኔትዎርኮች ናቸው። የታችኛው ቴሌ የሚያቀርበው ነው፤ ፋይበር፣ ማይክሮዌቭ፣ የሞባይል ዳታ ወይም ሳተላይት ሊሆን ይችላል። የላይኛው በእሱ ላይ የተዘረጋው የመሥሪያ ቤቱ የግል ኔትዎርክ ሲሆን የራሱ አድራሻዎችና የራሱ የራውቲንግ ሰንጠረዥ አለው። በታችኛው ላይ ራውተሮቹን የሚያያይዘውን መተላለፊያ ባለሙያዎቹ ታነል ይሉታል። ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚላክ ፓኬት መጀመሪያ ይመሰጠርና በሌላ ፓኬት ውስጥ ይገባል፤ አድራሻ ያለው ደብዳቤ እንደገና በታሸገ ፖስታ ገብቶ፣ በፖስታው ላይ ሌላ አድራሻ እንደሚጻፍበት ማለት ነው። ቴሌ የሚያነበው የውጩን ብቻ ነው። ብልሽት ሲፈለግም ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ የተበላሸው የትኛው ኔትዎርክ ነው የሚለው ነው።

ለዚህ አሠራር መሠረት የሆኑት ደንቦች ከወጡ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ጂአርኢ የተባለው ፓኬትን በፓኬት የመጠቅለያ ዘዴ በ1994 እ.ኤ.አ.፣ አይፒሴክ የተባለው የምስጠራ ደንብ በ1995 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ሁለቱን ማጣመር የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። አይፒሴክ በተለመደው አወቃቀሩ ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ የሚሄደውን ይመሰጥራል፤ እንደ ኦኤስፒኤፍ ያሉ የራውቲንግ ፕሮቶኮሎች ግን ጎረቤታቸውን የሚፈልጉት ለብዙዎች በአንዴ በሚላክ መልእክት ነው። ጂአርኢ ያንን መልእክት ይጠቀልላል፣ አይፒሴክ ጥቅሉን ይመሰጥራል።

በኢትዮጵያ ሁሉን ከአንድ ማዕከል የሚያገናኝ ኔትዎርክ አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ ክልሎችንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በፋይበርና በሳተላይት ከአዲስ አበባ ጋር ለማገናኘት የታቀደ ነበር፤ ብዙ የወረዳ ሠራተኛ የሚያስታውሰው በቪዲዮ ስብሰባው ነው። የባንክ ቅርንጫፎችም እንደዚሁ ሒሳቡን የሚያነቡት ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። መስመሩ ሲደናቀፍ ደንበኛው በመስኮቱ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚለውን ነው፤ ከዚህ አጭር መልስ ጀርባ ግን የማይመሳሰሉ ብዙ ብልሽቶች አሉ።

ማዕከሉ ጎንደር ከተማ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ በዳባት፣ በደባርቅ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ ባለው በአዲ አርቃይና በጃናሞራ መካነ ብርሃን የሆኑ መሥሪያ ቤት ይታሰብ። ፍለጋው ከታችኛው ኔትዎርክ ይጀምራል። ደባርቅ ያለው ራውተር፣ ታነሉን ሳይጠቀም፣ የጎንደሩን ራውተር የውጭ አድራሻ ፒንግ ሲያደርግ መልስ ያገኛል? ካላገኘ ጉዳዩ የቴሌ ወይም የመብራት ነው፤ ምስጠራውን መነካካት ጊዜ ከማባከን አያልፍም። መልስ ካገኘ ደግሞ የመመለሻው ጊዜ ራሱ የሚናገረው አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ ለብርሃኑ 1 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ግን ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ፓኬቱ እዚያ ደርሶ ወደ ደባርቅ የሚዞር ከሆነ ደርሶ መልሱ ከ15 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። በፋይበር መስመር ላይ 20 ወይም 30 የሚያነብ ባለሙያ፣ የመሣሪያ መዘግየትን ቢቀንስ እንኳ፣ ጎረቤታሞቹ ከተሞች በመዲናዋ በኩል እየተነጋገሩ እንደሆነ ቢጠረጥር አያስገርምም።

ቀጥሎ የሚመረመረው ስምምነቱ ነው። ሁለቱ ራውተሮች ከመመስጠራቸው በፊት ማንነታቸውን ይተዋወቃሉ፣ በምስጠራው ዓይነት ይስማማሉ፣ ቁልፍ ይለዋወጣሉ። አንዱ ወገን አንድ ፊደል የተሳሳተ የጋራ ቁልፍ ካለው ወይም ሌላው የማያውቀውን የምስጠራ ዓይነት ካቀረበ ታነሉ ጨርሶ አይነሳም። ይህ ዓይነቱ ስህተት ሎግ ላይ በግልጽ ስለሚጻፍ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ቅርንጫፉ በሞባይል ዳታ ሲሠራ ግን አንድ መሰናክል ይጨመራል። አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ሲካፈል፣ ማካፈያው መሣሪያ ደንበኞቹን የሚለየው በፖርት ቁጥር ነው፤ የተመሰጠረው የአይፒሴክ ፓኬት ደግሞ ፖርት የለውም። ስለዚህ ፓኬቱ እንደገና በዩዲፒ 4500 ፖርት ይጠቀለላል። ፋየርዎል ንግግሩ የሚጀመርበትን 500 ፖርት ከፍቶ 4500ን ከዘጋ ንግግሩ በደንብ ይጀመርና መሐል ላይ ይቆማል። በተጨማሪም ጎንደር ደባርቅን ቀድሞ መጥራት አይችልም፤ ጀማሪው ሁልጊዜ ቅርንጫፉ መሆን አለበት።

ሰዓትም ታነል ይጥላል። ራውተሮቹ የሚተዋወቁት በሰርቲፊኬት ከሆነ፣ ሰርቲፊኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ባትሪ የሌለው ራውተር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወደ ድሮ ቀን ይመለስና ትክክለኛውን ሰርቲፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሰዓቱን በእጅ የሚያስተካክል ሰው ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካስገባም ውጤቱ ያው ነው፤ 2017 ተብሎ የተሞላ ራውተር በ2024 እ.ኤ.አ. የተሰጠ ሰርቲፊኬትን አይቀበልም። ከዚህ የባሰው፣ ሰዓት የሚሰጠው ሰርቨር ጎንደር፣ ከታነሉ ወዲያ ሲቀመጥ ነው፦ ያለ ሰዓት ታነል አይነሳም፣ ያለ ታነል ሰዓት አይመጣም። ሰዓቱን በውጩ መስመር በኩል እንዲያገኝ ማድረግ ቋጠሮውን ይፈታዋል። ሎግ ሲነበብም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደባርቅ ያለው ሠራተኛ «ከቀኑ 8፡30 ላይ ተቋረጠ» ያለውን፣ ራውተሩ 14፡30፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት የሚሠራው የማዕከሉ ሰርቨር ደግሞ 11፡30 ብሎ ይመዘግበዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ሳያስታርቁ የሚያነብ ግን አንዱን መቋረጥ ሦስት አድርጎ ይቆጥራል።

ታነሉ ተነሥቶ ሥራ ግን ሲቆም እውነተኛው ምርመራ ይጀምራል። እዚህ ላይ ከማንኛውም ግምት የሚበልጠው ቆጣሪ ነው። እያንዳንዱ ራውተር ስንት ፓኬት እንደመሰጠረና ስንት እንደፈታ ይቆጥራል። ደባርቅ 100 ፒንግ ልካ የመሰጠረችው በ100 ጨምሮ የፈታችው ዜሮ ከሆነ፣ ጎንደር ሄዶ ማየት ነው። ጎንደርም ላይ የተፈታው ካልጨመረ ፓኬቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። በ100 ከጨመረ ግን መሄጃው ደህና ነው ማለት ነው፤ የጠፋው መመለሻው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጎንደር ያለው ሰርቨር ለደባርቅ መልስ የሚሰጥበት መንገድ በሰንጠረዡ ላይ የለም፣ ወይም መልሱ በሌላ ራውተር በኩል ወደ ኢንተርኔት ይወጣል። ሌላው የተለመደ ምክንያት የአድራሻ ቅየራ ነው፤ ራውተሩ ከመመስጠሩ በፊት የውስጡን አድራሻ በውጩ ከቀየረው፣ ፓኬቱ «ይመሰጠር» ከተባለው ዝርዝር ጋር ስለማይገጥም ሳይመሰጠር ይወጣል። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት የሚወደድ ልማድ ቢሆንም ቆጣሪዎቹን ሁሉ ወደ ዜሮ ይመልሳል። ማስረጃው አብሮ ይጠፋል፣ ብልሽቱም በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ደጋ አንድ ብልሽት በተለይ ይለመዳል። መካነ ብርሃን ላይ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ የተስማማበትን ቁልፍ ይረሳል፤ ጎንደር ያለው ግን አልሰማም። በአሮጌው ቁልፍ እየመሰጠረ ይልካል፣ መካነ ብርሃን ስትነሳ ፓኬቱን መፍታት አቅቷት ትጥለዋለች። የአንድ ቁልፍ ዕድሜ በብዙ መሣሪያዎች ላይ 3,600 ሰከንድ ተብሎ ስለሚተው፣ ቅርንጫፉ ሳይሠራ ቆይቶ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። «ራሱ ተበላሸ፣ ራሱ ተስተካከለ» የሚባለው ብልሽት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መድኃኒቱ ሁለቱ ራውተሮች በየጊዜው «አለህ?» እንዲባባሉ ማድረግ ነው፤ ዘዴው በ2004 እ.ኤ.አ. በደንብ መልክ ወጥቷል። መልስ ካልመጣ ጎንደር አሮጌውን ቁልፍ ጥሎ እንደ አዲስ ይደራደራል።

የራውቲንጉ ስህተቶች ከዚህ ይረቅቃሉ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ታነሉ በራሱ ውስጥ ለማለፍ ሲሞክር ነው። ጎንደር በታነሉ በኩል «ወደ ሁሉም አድራሻ በእኔ በኩል እለፉ» ብሎ ያስታውቃል እንበል፤ በማስታወቂያው ውስጥ የጎንደሩ ራውተር የውጭ አድራሻም ተካቷል። ደባርቅ ታምናለች። ከዚያ የተመሰጠረውን ፓኬት ወደ ጎንደር የውጭ አድራሻ ለመላክ ሰንጠረዡን ስታይ «በታነሉ» የሚል ታገኛለች። ታነሉ ይወድቃል። ሲወድቅ የተሳሳተው መንገድ አብሮ ይጠፋል፣ ታነሉ ይነሳል፣ ማስታወቂያው እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ይወድቃል። የመስመር ብልሽት ያለ ሥርዓት ይመጣል፤ ይኼኛው በእኩል ልዩነት ስለሚደጋገም በሎጉ ላይ በቀላሉ ይለያል። ሳያጣሩ ወደ ቴሌ የሚደውሉ ብዙ ናቸው። የሚያስፈልገው ግን ለጎንደር የውጭ አድራሻ ብቻ የሚያገለግል፣ በቴሌው መስመር የሚወጣ ቋሚ መንገድ ደባርቅ ላይ መጻፍ ነው።

ዳባትና ደባርቅ ሁለቱም ጎንደርን አግኝተው እርስ በርስ የማይተያዩበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ፕሮቶኮሎች ክብ መንገድ እንዳይፈጠር በአንድ በር የሰሙትን በዚያው በር መልሰው አያስታውቁም። ጎንደር ላይ ሁሉም ቅርንጫፎች የሚገቡት በአንድ የታነል በር ከሆነ፣ ከዳባት የሰማውን ለደባርቅ አይናገርም። ሕጉን በዚያ በር ላይ ማንሳት በቂ ነው።

ፒንግ እየሠራ፣ የመግቢያው ገጽ እየተከፈተ፣ ትልቅ ሪፖርት ሲጠየቅ ግን ስክሪኑ ቆሞ ከቀረ፣ ጉዳዩ የመጠን ነው። የተለመደው የኢተርኔት ፓኬት እስከ 1,500 ባይት ይይዛል። ጂአርኢ 24 ባይት ይጨምራል፣ አይፒሴክ እንደ ምስጠራው ዓይነት በአሥሮች የሚቆጠር ባይት ያክልበታል። ሙሉው ፓኬት ከተጠቀለለ በኋላ በመስመሩ አይገባም። በደንቡ መሠረት መንገድ ላይ ያለው ራውተር ለላኪው «አሳንስ» የሚል መልእክት መመለስ አለበት፤ ብዙ ፋየርዎል ግን ለጥንቃቄ ተብሎ ያንን መልእክት ስለሚከለክል ላኪው ምንም ሳያውቅ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። ማረጋገጫው እንዳይከፋፈል የታዘዘ ፒንግ ነው፤ መጠኑ ከፍ እያለ ሲላክ 1,372 ባይት አልፎ 1,373 ከቀረ፣ 28 ባይት የፒንጉ ራስጌ ሲደመር መስመሩ የሚችለው 1,400 ነው ማለት ነው። ታነሉን 1,400፣ የቲሲፒውን ጭነት 1,360 ላይ መወሰን በብዛት ይበቃል። ሁለቱ ጫፎች የተለያየ መጠን ከተሰጣቸው ኦኤስፒኤፍም ራሱ ጉርብትናውን ጀምሮ ሳይጨርስ ይንጠለጠላል።

በስሜን ተራሮች ጥግ ፋይበር ሳይደርስ የሚቀርባቸው ቦታዎች በሳተላይት ሲሠሩ ሌላ ዓይነት ችግር ይመጣል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚቆም ደርሶ መልሱ 600 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ላኪው በአንድ ጊዜ 64 ኪሎባይት ልኮ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የተገዛው መስመር የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን አንድ ግንኙነት በሰከንድ ከ0.9 ሜጋቢት አያልፍም። የሳተላይት ሞደሞች ይህን የሚያቃልሉት «ደርሷል» የሚለውን መልስ ከሩቁ ጫፍ ሳይጠብቁ ራሳቸው በመስጠት ነው። ለዚህም የቲሲፒውን ራስጌ ማንበብ አለባቸው፤ ምስጠራው ደግሞ ያንን ሸፍኖታል። ታነሉ ከተዘረጋ ወዲህ «ሳተላይቱ ዘገየ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሳተላይቱ እንደበፊቱ ነው፣ ሞደሙ ግን ማየት አቅቶታል። «ደርሷል» የሚለውን መልስ ቀድሞ የሚሰጠው ማፋጠኛ በሁለቱም ጫፍ ከመመስጠሪያው ራውተር በፊት ሲቀመጥ ፓኬቱ ገና ክፍት ሳለ ያገኘዋል፤ ምስጠራውም ሳይነካ ፍጥነቱ ይመለሳል።