የዕቃ ንድፍ ትምህርት፤ ከእጅ ንድፍ እስከ ካርቶን ሞዴል

1. መግቢያ

በእጅ ሥራ ትምህርት ተማሪዎች አንድ ዕቃ ሠርተው እንዲያመጡ ማዘዝና የዕቃውን ማማር አይቶ ነጥብ መስጠት የተለመደ አሠራር ነው። ይህ አሠራር ለመምህሩ ሥራ ቢያቀልም ዐቢይ ጉድለት አለበት። ይኸውም፣ አባቱ አናጢ የሆነ ወይም ቁሳቁስ መግዛት የሚችል ተማሪ ያማረ ዕቃ ይዞ ሲቀርብ፣ በራሱ አስቦ የሠራውና ዕቃው የተሰበረበት ተማሪ ዝቅተኛ ነጥብ ማግኘቱ ነው። ከሁለቱ የበለጠ የተማረው የትኛው እንደሆነ ከዕቃው ብቻ ለማወቅ አይቻልም።

የዕቃ ንድፍ ማለት አንድ ዕቃ ከመሠራቱ በፊት ለማን፣ ለምን፣ ከምንና እንዴት እንደሚሠራ አስቦ መወሰን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የዚህ ትምህርት ዋና ዋና ደረጃዎች በአንድ ቀላል ምሳሌ አማካይነት ተብራርተዋል።

2. ንድፍ ስለምን ያስፈልጋል?

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ነው። ጠራቢው ወረቀትና እርሳስ አያሻውም፤ ልኩና ቅርጹ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ በኖረው ልምድ በእጁ ገብቷልና። ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ሙያ ለመቅሰም ከባለሙያ ሥር ሆኖ ረጅም ጊዜ መሥራት ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ተማሪ ግን በሳምንት የሚያገኘው ጥቂት ክፍለ ጊዜ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ጊዜ የተጠረበ እንጨት ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ ተማሪው ያለ ብዙ ኪሳራ የሚሳሳትበት ነገር ሊቀርብለት ይገባል፤ ይህም ወረቀትና ካርቶን ነው።

3. ምልከታና ልኬት

ለምሳሌ ያህል የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ለ1ኛ ክፍል ልጆች መቀመጫ የሚሆን በርጩማ እንዲነድፉ ታዘዙ እንበል። በመጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው እርሳስ ሳይሆን ሜትር ነው። ልጆቹ እግራቸውን መሬት አስረግጠው ሲቀመጡ ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው መታጠፊያ ያለው ርቀት ይለካል፤ ይመዘገባልም። የልጆቹ ልክ እኩል አለመሆኑ ወዲያው ይታያል። የበርጩማው ቁመት በረጅሙ ልጅ ልክ ቢሆን የአጭሩ እግር ይንጠለጠላል፤ በአጭሩ ልክ ቢሆን የረጅሙ ጉልበት ወደ ላይ ይነሣል። ተማሪው የትኛውን እንደ መረጠና ስለምን እንደ መረጠ በደብተሩ እንዲጽፍ ማድረግ ያሻል፤ የንድፍ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ውሳኔ ነውና።

4. የእጅ ንድፍ

ብዙ ተማሪዎች «ሥዕል አልችልም» በማለት ከዚህ ትምህርት ይሸሻሉ። ነገር ግን የእጅ ንድፍ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል አይደለም፤ ሐሳብን ለራስም ሆነ ለሌላ ሰው የሚታይ ማድረጊያ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ በ8 ተከፍሎ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ የተለየ ሐሳብ፣ ያለ ማስመሪያና ያለ ላጲስ፣ በፍጥነት እንዲነደፍ ማድረግ ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው የሚያውቀው ወንበር ቅጂ ይሆናሉ። እነዚህ ካለቁ በኋላ ግን ሌላ መንገድ ለመፈለግ ይገደዳል።

ከስምንቱ አንዱ ከተመረጠ በኋላ የፊት፣ የጎንና የላይ ዕይታው በ1፡5 መስፈርት በማስመሪያ ይነሣል፤ ማለትም የ30 ሳንቲሜትር ቁመት በወረቀቱ ላይ 6 ሳንቲሜትር ይሆናል። በፊት ዕይታ ላይ ያለው ወርድ በላይ ዕይታ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ፣ ተማሪው ገና ያልወሰነው ነገር እንዳለ ሥዕሉ ራሱ ይነግረዋል።

5. ሞዴል

እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ በተቋቋመው ባውሃውስ በተባለው የንድፍ ትምህርት ቤት፣ ዮሴፍ አልበርስ ከ1923 ጀምሮ በመሠረታዊው ኮርስ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ተራ ወረቀት በማጠፍና በመቁረጥ፣ ቁሳቁስ ሳያባክኑ የወረቀቱን ጠባይ በእጃቸው እንዲመረምሩ ያደርግ ነበር። ይህን የመሰለ ሙከራ በማንኛውም ክፍል ሊደረግ ይችላል። በሁለት መጻሕፍት መካከል እንደ ድልድይ የተዘረጋ አንድ ወረቀት ወደ ታች ይጎብጣል፤ ያው ወረቀት እንደ አኮርዲዮን ሲታጠፍ ግን እርሳሶችን ይሸከማል። ጥንካሬ ከቁሳቁሱ ብቻ ሳይሆን ከቅርጹም እንደሚገኝ ተማሪው በዚህ ይረዳል።

የበርጩማው ሞዴል በመጀመሪያ በ1፡5፣ ቀጥሎም በትክክለኛ ልኩ ከአሮጌ ካርቶን ይሠራል። ትንሹ ሞዴል ስለ ቅርጽ እንጂ ስለ ጥንካሬ በቂ ማስረጃ አይሆንም። የአንድ ዕቃ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት 5 እጥፍ ሲያድግ የእግሮቹ ውፍረት ስፋት 25 እጥፍ ብቻ ሲያድግ፣ የራሱ ክብደት ግን 125 እጥፍ ይሆናልና።

በትልቁ ሞዴል ላይ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ በካርቶኑ ውስጥ ያሉት ሞገድ መሰል መሥመሮች ወደ ላይ ቆመው ከተቆረጡ እግሩ ይሸከማል፤ ወደ ጎን ከተጋደሙ ግን በቀላሉ ይጨፈለቃል። ሁለተኛ፣ ሦስት እግር በጎርበጥባጣ ወለል ላይ አይንገዳገድም፤ ነገር ግን የተቀማጩ ክብደት በሦስቱ እግሮች መካከል ካለው ስፍራ ከወጣ በርጩማው ይገለበጣል። ስለዚህ እግሮቹ ወደ ውጭ ዘርጋ ማለት አለባቸው። ሦስተኛ፣ እርስ በርስ የሚገቡት ክፍሎች ስንጥቅ ከካርቶኑ ውፍረት ከሰፋ መጋጠሚያው ይላላል። ልጅ ከመቀመጡ አስቀድሞ መጻሕፍትን ወይም አሸዋ የተሞላ ከረጢት ጥቂት በጥቂት በመጫን መፈተን ይገባል፤ የምላጭ አጠቃቀምም በመምህሩ ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት።

6. የነጥብ አሰጣጥ

ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ በመጨረሻው ዕቃ ብቻ ከተመዘነ ተማሪው ስሕተቱን መደበቅ ይማራል፤ የተሰበረውን ሞዴል ይጥላል፣ የተሰረዘውን ንድፍ ይቀድዳል። ለመምህሩ ጠቃሚ የሆነው ማስረጃ ግን ይኸው የተጣለው ነው። በመሆኑም ከ100 ነጥብ ለምሳሌ 25 ለልኬትና ለውሳኔው ምክንያት፣ 25 ለእጅ ንድፎች፣ 40 ለሞዴሉ፣ ለፍተናውና ስለ መሰበሩ ለተሰጠው ማብራሪያ፣ ቀሪው 10 ለአጨራረስ ቢደለደል፣ የተሰበረበት ተማሪም ያወቀውን ለማሳየት ዕድል ያገኛል።

ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አምስት አምስት ሆነው በአንድ ካርቶን ሊሠሩ ይችላሉ፤ የእጅ ንድፉ ግን የእያንዳንዱ መሆን አለበት። ሙጫም ከዱቄት ተበጥብጦ ሊዘጋጅ ይችላል።

7. ማጠቃለያ

ይህን ትምህርት ለመጀመር ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በእጅጉ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ ሞዴሉ ተሰብሮ ሁለተኛው ሳይሠራ ትምህርቱ ከተቋረጠ ዋናው ክፍል ሳይሰጥ ይቀራልና። ስለሆነም የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ክፍለ ጊዜ ሲደለድሉ፣ ለመጀመሪያው ሞዴል ብቻ ሳይሆን ለሁለተኛውም ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል።