ስልክ የሌለውን ማን ይጠይቀው?

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላል። መጮኺያው ስልክ ቢሆንና ባለቤቱ ስልክ ባይኖረውስ? የዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ይሄ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሄዱትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። እንዲህ ባለ ቦታ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር አደገኛም አዝጋሚም ነው። በዚያ ላይ የአደጋ ጉዳት በአንድ ቀን አያልቅም። አንድ ቤተሰብ ዛሬ በሬውን ይሸጣል፣ ከወር በኋላ ምግብ ይቀንሳል፣ መስከረም ሲጠባ ልጁን ከትምህርት ያስቀራል። በስልክ ግን ያንኑ ቤተሰብ በየወሩ በትንሽ ወጪ መጠየቅ ይቻላል።

ታዲያ የምንደውለው ለማን ነው? የአገራችንን ምሳሌ እንይ። ኮሮና በገባ ሰሞን፣ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ የስልክ ጥናት ጀመረ። መነሻው ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በአካል የተጠየቁ ቤተሰቦች ዝርዝር ነበር። በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተሰቦች መለሱ። አብዛኛው ሕዝባችን ገጠር እየኖረ፣ የገጠሮቹ 978 ብቻ ነበሩ። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በከተማ ከ10 ቤተሰብ 9ኙ ስልክ ሲኖረው በገጠር 4ቱ ገደማ ብቻ ነበር።

የቀድሞው ዝርዝር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ስልክ የሌላቸውም መሬታቸው፣ ከብታቸው፣ የትምህርት ደረጃቸው አስቀድሞ ተመዝግቧል። ስለዚህ እነሱን ለሚመስል መልስ ሰጪ ተጨማሪ ክብደት ይሰጠዋል። ለምሳሌ ከ10 ተመሳሳይ ቤተሰቦች 4ቱ ብቻ ከተገኙ፣ የእያንዳንዳቸው መልስ እንደ 2.5 ቤተሰብ ይቆጠራል።

ይህ ግን ሁሉን አይፈታም። ስልክ ያለው ገበሬ ስልክ ከሌለው ጎረቤቱ በሀብትም በዘመድም ሊሻል ይችላል። ከአደጋ በኋላ ደግሞ መብራትና ኔትወርክ ይጠፋል፤ ስልኩም ከቤቱ ጋር ጭቃ ውስጥ ይቀራል። በብዛት የማይገኙት ክፉኛ የተጎዱት ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። በደቡብ ሱዳን በተደረገ አንድ ጥናት ለቤተሰቦች ስልክና በፀሐይ የሚሠራ ቻርጀር የታደለው ይህን መሰሉን ክፍተት ለመሙላት ነበር።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፋችን ስልክ ስናነሳ ያልተነሳውንም ጥሪ በየቀበሌው እንመዝግብ። አንድ ቀበሌ በሙሉ ዝም ካለ፣ መጀመሪያ በእግር የሚሄድበት እዚያ ነው። እርዳታ በቁጥር በሚከፋፈልበት ጊዜ ያልተቆጠረ ሰው ድርሻ የለውምና።