አዛውንቶቹ የሚቆጡበት ደንብ

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። የባህል ስፖርት ውድድር ሲደርስ ደግሞ ገበጣ እዳኛለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ከሚገጥሙኝ ሰዎች ሁሉ ስለ ደንብ የሚቆጡትን አከብራለሁ። አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው። የውድድሩን የታተመ ደንብ ሰምተው "ይኼ ገበጣ አይደለም" ይላሉ፣ ከዚያም ትተውኝ አይሄዱም፤ እዚያው ቆመው ገበጣ ምን እንደሆነ ያስረዱኛል።

የእኛ አገር ገበጣ፣ ባለ 18 ጉድጓዱ፣ በሦስት ረድፍ ስድስት ስድስት ሆኖ ይቆፈራል። ከፊትህ ያለው ረድፍ ያንተ ነው፣ መሐለኛውን ከባላጋራህ ጋር ለሁለት ትካፈላለህ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ጠጠር ሲይዝ በጠቅላላው 54 ይሆናል። በምዕራብ አፍሪካ ሁለት ረድፍ፣ በምሥራቅና በደቡብ ደግሞ አራት ረድፍ የሚጫወቱ ሕዝቦች ብዙ ናቸው። ባለ ሦስት ረድፉ ግን የዚህ የአፍሪካ ቀንድ ነው። ከብት ጠባቂ ልጅ ሜዳ ላይ ቆፍሮ በበግ በጠጥ ወይም በጠጠር የሚጫወተው ይህንኑ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ልጆቹ ከየቀበሌያቸው ሲሰባሰቡ ነው። አንዱ በሦስት ጠጠር ይጀምራል፣ ሌላው በአራት። አንዱ ወደ ቀኝ ይዘራል፣ ሌላው ወደ ግራ። ዋናው ጠብ ግን የተያዘ ጉድጓድ ላይ ነው፦ የመጨረሻዋ ጠጠር ከባላጋራ ጉድጓድ ገብታ አራት ስትሞላ ያ ጉድጓድ የያዡ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ አራቱን አንስቶ ጉድጓዱን ለባለቤቱ መተው ነው የሚሉም አሉ። በሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል። "በማን አገር እንጫወት?" ይባባላሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ይቆፍራሉ። ያ ክርክር ራሱ የጨዋታው ግማሽ ነው። ውድድር ላይ ግን ወረቀቱ አስቀድሞ ስለወሰነ የሚስማሙበት ነገር አይቀርላቸውም።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የመጨረሻዋን ጠጠር ጣለና እጁን ከጉድጓዱ በላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። በመንደሩ ቢሆን ጉድጓዱ የእሱ ነበር። እኔ ተራው አልፏል አልኩ። ከኋላው የቆሙት አያቱ "ያዛት እንጂ ልጄ!" ብለው ጮኹ፤ ተመልካች እንዳይናገር ደንቡ ስለሚከለክል ዝም እንዲሉ ለመንኳቸው። ጨዋታው ሲያልቅ መጡ። "መምህር፣ ያንተን ደንብ አልነቅፍም፤ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ለመገናኘት ደንብ ያስፈልጋል። ግን ይኼ ልጅ ነገ ለልጁ የቱን ያስተምር?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁን የማስበውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ "ሽማግሌ አዲስ ነገር አይወድም" ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው በአዲስ ደንብ አይቆጣም፣ የጎደለውን አያይማ።

ይህ ቁጣ የመንዝ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ አለ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ሲሆን፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በዕጣ ጠጠር እየታገዙ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው ተረት የሚፈጥሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አራተኛው እትም ሲወጣ ብዙ ተጫዋቾች "የእኛ ጨዋታ ይህ አይደለም" አሉ። በዓመቱ ሌላ አሳታሚ የቀድሞውን ደንብ መሠረት አድርጎ ፓዝፋይንደር የተባለውን ሲያወጣ እጅግ ብዙዎቹ ወደዚያ ሄዱ። ባለቤቱ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለአምስተኛው እትም ሲዘጋጅ ከ2012 ጀምሮ ረቂቁን አስቀድሞ ለተጫዋቾች ሰጥቶ አስፈተነ፣ መጽሐፉም በ2014 ወጣ። ቁጣው ተሰማ ማለት ነው።

እነዚያ ተጫዋቾች ግን የእኛ አዛውንት የሌላቸው አንድ ነገር አላቸው። አዲሱ እትም ቢያስከፋቸው አሮጌው መጽሐፍ መደርደሪያቸው ላይ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ገልጦ መጫወት ይቻላል። የእኛ አሮጌ እትም ያለው በአብዛኛው በሰው አፍ ነው። የሚቆጡት ሰዎች ሲያልፉ እትሙም አብሮ ያልፋል።

በአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ላይ የደረሰውን እናውቃለን። ሰሌዳው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጭረት ያለበት ቀይ ጨርቅ ነበር። ጨዋታው የሚጀመረው በወረራ ነው፦ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የቻሉትን ያህል፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ በተራ መሆን ይጀምራል። ከበው የቆሙት ዝም ብለው አይመለከቱም፣ ይመክራሉ፣ ይጮኻሉ። ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፣ በምን አሸነፍክ የሚለው ክብር ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን ምን ያህል ይወዱት እንደነበር ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ሰንጠረዥም ስለ ገበጣም ሰፋ አድርጎ ጻፈ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ያለው ዓለም አቀፉ ቼዝ ነው። እኔም አስተምረዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ስለ ወረራ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ግን ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ነው፤ ተጫውቶ ያሳየኝ ሰው የለም።

ገበጣ እዚያ ደረጃ አልደረሰም፣ እንዳይደርስ ማድረግም ይቻላል። የመንዙን የጓሳ ሣር ተመልከቱ፤ እንዴት ተረፈ? የአስቦና የጌራ ወገኖች በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ቀን ቆርጠው ከፍተው ለዘመናት አቆዩት። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። የቄሮውን ደንብ የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ ግን ኅብረተሰቡ ሌላ የመተዳደሪያ ደንብ ሲያወጣ ከድሮው ብዙ ነገር ይዞ መነሣት ቻለ። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?

ስለዚህ የታተመው ደንብ ይቅር አልልም። የመሐል ሜዳ ልጅ ከዓለም ከተማ ልጅ ጋር እንዲገናኝ አንድ ደንብ የግድ ነው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ወረቀቱ የውድድር ደንብ ይባል፤ "የገበጣ ሕግ" ተብሎ በክፍል ውስጥ አይሰጥ። ረቂቅ ሲሻሻል ደግሞ ከመታተሙ በፊት ለሚቆጡት ሰዎች ይነበብላቸው።

በበኩሌ ከልምምድ በፊት ልጆቹ በየአገራቸው ደንብ እንዲጫወቱ አደርጋለሁ፣ ደብተር ይዤ እጽፋለሁ፦ ስንት ጠጠር፣ ወዴት ይዘራል፣ ጉድጓድ እንዴት ይያዛል፣ ማን ይጀምራል። አያት የሚያመጣ ልጅ ካለ ያን ቀን ተመልካች ይናገራል። የመሐል ሜዳንና የሞላሌን ጽፌያለሁ፣ የዘመሮን ጀምሬያለሁ። የጊሼ ግን ገና አልደረሰኝም። በጊሼ፣ ራቤል አካባቢ ገበጣ የሚያውቁ አዛውንት ያላችሁ ሰዎች ደንባቸውን ጽፋችሁ ብትልኩልኝ፣ ወይም ደብተር ይዤ እንድመጣ ብትጠሩኝ፣ መንገዱን እኔ እችለዋለሁ።